የአበበች ጣባ

ከቦንጋ ከተመለስኩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ወፍጮ ቤት ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እስኪ አውሪን፣ እንዴት ያለ አገር ነው?» ይለኛል። ለአንዷ ዝናቡን ነግሬ እለያታለሁ፣ ለሌላዋ መንገዱን። ዋናውን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ስለሚያሳፍረኝ ነው። ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ጉዳይ አንድ ገጽ ጽፌ አላውቅም። እንግዲህ ይኸው። የማርያም ማኅበርተኞቼ ተቀባበሉና አንብቡት፤ ካነበባችሁ በኋላ ግን የሚያሾፍብኝ እንዳይኖር።

የሄድኩት ልጄን መቅደስን ላርሳት ነው። እንደምታውቁት መቅደስ መምህርት ናት፤ ቦንጋ ከተመደበች ሦስት ዓመቷ። እዚያው ታረቀኝ የሚባል የሆሳዕና ልጅ አገባች። እሱ የመንገድ ቅየሳ ሠራተኛ ነው፤ ሳምንቱን ቢታ ገነት በሥራ ላይ ይቆይና ቅዳሜ ማታ ይመጣል። ሁለቱም ቦንጋ ውስጥ ዘመድ የሚሉት የላቸውም። መውለጃዋ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ልደርስ ነበር ሐሳቤ፤ መንገዱ ተዘጋ ተባለና ስጠብቅ፣ ልጅቷም ቸኮለችና፣ ሃያ ቀን ሞልቷት ደረስኩ።

በልቤ ደግሞ ሌላ ነገር ይዣለሁ። የጽዋ ተራዬ ስለደረሰ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየት አልችልም። ስለዚህ ልጄንና የልጅ ልጄን ይዤ ልመለስ፣ ክርስትናውን በደብራችን ላስነሳ፣ ከዚያም መቅደስ የወሊድ ፈቃዷ ሳያልቅ ዝውውር እንድትጠይቅ ላደርግ ቆርጫለሁ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። እናት ስትመጣ ልጅ ትከተላለች ብዬ ነው።

ሰኞ። ከደብረ ብርሃን በማለዳው መኪና ተነሳሁ። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም፤ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤያለሁ። ጭነቴን ልቁጠርላችሁ፦ የገንፎ ገብስ፣ በሶ፣ ቅቤ፣ ያልተፈጨ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ እና አንድ ባለክዳን ባልዲ ሙሉ ማር። አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ዘንድ አደርኩ። ዕቃዬን አይታ «ይሄ ሁሉ ለአንድ አራስ ነው ወይስ ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አለችኝ።

«ሰው በሌላት አገር የወለደች ልጅ ናት» አልኳት።

ማክሰኞ። የጅማ አውቶቡስ ወልቂጤ ላይ ቁርስ አበላን። ግቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ የደብረ ብርሃንን ሰው ለመቅጣት የታዘዘ ይመስላል፤ ጋቢዬን ባወልቅ፣ ነጠላዬን ባወልቅ አልቻልኩም። ማሩ ያለው ከላይ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ነው። ከቤት ሲወጣ እንደ ሻማ የረጋ ማር ነበር፤ ግቤ ላይ ቀለጠ። ከፊቴ የተቀመጠ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ሰው ሁለት ጊዜ ግንባሩን ጠረገ። በሦስተኛው ጣቱን ቀመሰው።

«ማር ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ማን ነው ማር የጫነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።»

«ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«ቦንጋ።»

«ቦንጋ? ማር ወደ ቦንጋ?» ከዚያ የሳቀው ሳቅ! ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አየን። «እትዬ፣ የጫካው ንቦች ይህን ሲሰሙ ምን ይላሉ?» ሰውየው ለካ ቦንጋ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ካፋ የማር አገር መሆኑን ያኔ ነገረኝ፤ ማር የሚቆርጡት ከትልልቅ ዛፍ አናት ላይ ወጥተው ነው አለ። ኮረሪማም መያዜን ልነግረው ፈልጌ «ኮረሪማስ እንዴት ነው እዚያ?» ብለው «ኮረሪማማ ከእኛ ነው የሚመጣላችሁ» አለኝ። እሱን ዋጥኩት።

ኮቱ ተበላሽቶ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ባልዲውን በፌስታል ጠቅልሎ እስከ ጅማ በእግሮቹ መሀል ይዞልኝ ሄደ። ጅማ ስንደርስ እሱ የሚያውቀው አልጋ ቤት ወስዶኝ «እናቴ ናቸው፣ ንጹሕ ክፍል ስጧቸው» አላቸው። ኮቱን ልጠብልህ ብለው እምቢ አለ። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ አውቶቡሱ ሙሉ እስኪደርስ ሲሰድበኝ ይሄድ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ምናልባት በሰው ፈርጄ ይሆናል።

ረቡዕ። ከጅማ ወደ ቦንጋ። ጎጀብ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ወረድን፣ ተሻገርን፣ ከዚያ ሽቅብ ጫካ ውስጥ ገባን። እኛ ዘንድ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው፤ ተክለነው፣ ቆጥረነው፣ ቆርጠን የምንሸጠው። ይህ ግን ማንም ያልተከለው፣ ግንዱ ላይ ሌላ ተክል የበቀለበት፣ ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘልበት ነው። ፀሐይ እያለ ይዘንባል። ሴቶች የኮባ ቅጠል ራሳቸው ላይ አድርገው፣ ቸኩለውም ሳይሆን፣ በመንገድ ዳር ይሄዳሉ። አንገቴን እስኪያመኝ በመስኮት ሳይ ነበር የደረስኩት።

የማሩ ሰውዬ ባጃጅ ጠርቶ እስከ መቅደስ ደጅ አደረሰኝ፤ «ቦንጋ ያለ ጃንጥላ አይወጣም» ብሎም ጃንጥላውን ትቶልኝ ሄደ። ስሙን እንኳን በደንብ አልያዝኩም። የት ይሁን የት፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

ቤቱ ስገባ አራት ሴቶች አሉ። ሦስቱ ተቀምጠዋል፤ አራተኛዋ አጎንብሳ የልጅ ልጄን ታጥባለች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ክንዷ ጠንካራ ሴት። «እናት መጣች!» ብላ ጮኸች፤ ሁሉም ተነስተው ትከሻዬን ሳሙኝ። አበበች ትባላለች፤ የአጥር ጎረቤት ናት። አማርኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ቆም እያለች ነው የምትናገረው። ልጅቷን ተቀበልኳት፤ አለቀሰች። ዘወር አደረግኳት፣ ዘፈንኩላት፣ ባሰባት። አበበች እጇን ስትዘረጋ ወዲያው ዝም አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ከጥርስ ያላለፈ ሳቅ።

ቀኑ ረቡዕ ነውና ለእኔ ቆጮ በጎመን በዘይት አቀረቡልኝ። ጎምዘዝ ያለ፣ እንደ ወፍራም ቂጣ ያለ ነገር ነው፤ ሦስት ጉርሻ በልቼ መንገድ አድክሞኛል አልኩ። ለመቅደስ ግን ትኩስ ሙቅ በቅቤ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር የሸክላ ጣባ ውስጥ ተሰጣት። ጨልጣ ጠጣችው። እቤቴ ሳለች ሙቅ ስሰጣት አፍንጫዋን የምትይዝ ልጅ ነበረች።

ሐሙስ። ጠዋት መቅደስ ልጇን እያጠባች በመስኮት በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ከአበበች ጋር ታወራለች፤ ትስቃለች። በሩ ላይ የዝናብ ቦት ጫማዋ ተደርድሯል። እኛ ሰፈር የጎረቤት በር ማንኳኳት ታፍር የነበረች ልጅ! ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ጊዜ ሳላጠፋ ሐሳቤን አወጣሁት።

«ክርስትናውን እኛ ደብር ነው የማስበው» አልኳት። «አብረን እንሂድ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ ክርስትናው እዚህ ነው። የክርስትና እናቷም እትዬ አበበች ናቸው። ቃል ገብቻለሁ።»

«ዝውውሩስ?»

«የምን ዝውውር?»

  ወጥቼ ሥራ ፈለግሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በርበሬዬን ሰሌን ላይ አሰጣሁት። እኛ ዘንድ እንዲህ ባለ ፀሐይ በርበሬ በግማሽ ቀን ይንኮሻኮሻል። ትንሽ ቆይቶ አበበች ከአጥሩ ማዶ «እትዬ! ዝናብ! ዝናብ!» አለች። «የቱ ዝናብ?» አልኩ ወደ ላይ አንጋጥጬ። እሷ በአጥሩ ክፍተት ሾልካ መጥታ በርበሬውን በቀሚሷ ትሰበስብ ጀመር። ሰብስበን ሳንጨርስ ሰማዩ ተገለበጠብን። በር ላይ ቆመን ሁለታችንም በርበሬው ዓይናችንን አቃጥሎን ስናለቅስ፣ መቅደስ እኛን እያየች በሳቅ ወደቀች።

ይህን ሁሉ ያደረገችልኝን ሴት ነው እንግዲህ ከሰዓት በኋላ የበደልኳት። ያ ጥቁር ጣባ የእሷ መሆኑን አውቄያለሁ። በአመድ ፈተግኩት፣ አጠብኩት፣ በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩት፤ አዲስ መሰለ። ይዤው ሄድኩና «እግዜር ይስጥልኝ አበበች፣ እስካሁን ደክመሻል። ከእንግዲህ እኔ አለሁ» አልኳት።

ጣባውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ውስጡን አየች፣ እኔን አየች። «እሺ እትዬ» አለች። እኔ ጨዋነት የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ዓርብና ቅዳሜ። ማንም አልመጣም። ጠዋት አልመጡም፣ ማታ አልመጡም። እሰይ አልኩ መጀመሪያ፣ ቤቱ ለእኔ ተለቀቀ። ገንፎ ላገነፋ ብል እንጨቱ እርጥብ ነው፤ እፍ ስል ዋልኩ፤ ጭሱ እንጂ እሳቱ አልመጣም። አበበች በምን ዘዴ ታነድደው እንደነበር አላየሁም። የልጅቷን ጨርቅ አጥቤ አሰጣሁ፤ በማግሥቱም ያው እርጥብ ነው። ደብረ ብርሃን ነፋሱ በአንድ ሰዓት ያደርቅልኝ ነበር። ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች ብዬ በርበሬውን ደግሜ አሰጣሁት፤ ልጅቷን ሳባብል ዝናቡ መጣ፤ ከአጥሩ ማዶ የጠራኝ ሰው የለም። ስወጣ በርበሬዬ ሰሌኑ ላይ ይንሳፈፋል። መቅደስም ልጇን አቅፋ ጭር ያለውን በር ታያለች፤ ምን ሆነሽ ስላት «ምንም» ትለኛለች።

ቅዳሜ ማታ ታረቀኝ ከቢታ ገነት ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ በእጁ ዶሮ ይዟል። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመና ዙሪያውን አየ። «እማማ፣ ቤቱ ምነው ጭር አለ? እነ እትዬ አበበች ደህና አይደሉም?»

ያኔ መቅደስ ወደ መደርደሪያው ዞረች። «እማዬ፣ ጣባው የት ሄደ?»

«መለስኩላት። አጥቤ ነው የመለስኩት!» አልኩ፤ እንድትመሰገን እንደምትጠብቅ ልጅ።

ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። በዚያ ሰፈር ሰው ሲታመም ወይም ሲወልድ አንዷ ጎረቤት ጣባዋን እዚያ ቤት ታስቀምጣለች። ከዚያ በኋላ አራቱም ሴቶች በየተራቸው ምግቡን በድስት እያመጡ ጣባው ላይ ይገለብጣሉ። ጣባው እዚያ ቤት እስካለ ድረስ ተራው አይቋረጥም። ባለቤቲቱ ራሷ ናት መጥታ የምትወስደው፣ የታመመው ወይም የወለደችው በእግር ሲቆም። የቤቱ ሰው ራሱ ከመለሰው ግን በቃኝ፣ አትምጡብኝ ማለት ነው።

«እኔም ልመልሰው ነበር» አለች መቅደስ። «ቦንጋ በመጣሁ በሁለተኛው ወር ታይፎይድ ይዞኝ ተኝቼ፣ ዘመድ የለኝ፣ ቋንቋ የለኝ፣ ማታ ማታ ሻንጣዬን እያየሁ አለቅስ ነበር። እትዬ አበበች ጣባቸውን ይዘው ገቡ። ሲሻለኝ አጥቤ ይዤላቸው ስሄድ ከበራቸው ላይ መለሱኝ። ‹ገና ነሽ› አሉኝ። እማዬ፣ ያን ቀን ባይመልሱኝ ኖሮ ሥራዬን ትቼ እመጣልሽ ነበር። አንቺ ሐሙስ ትሄጃለሽ። እሱ ሰኞ ቢታ ይሄዳል። እኔ ከማን ጋር ነው የምሆነው?»

አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ፤ ብዬማለሁ። ግን እውነቱን ልጻፍ። ልማዱን አላወቅሁም እንጂ ጣባውን ስመልስ በልቤ ያለው እሱው ነበር። በቃሽ፣ ልጄን ልቀቂልኝ ነበር ያልኳት፤ ጣባውም ያንኑ አደረሰልኝ። መቅደስ ይህን ሳታውቅ ይቅር አለችኝ፤ እኔ ግን ራሴን አልቻልኩም።

እሑድ። ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ አበበች ቤት። በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ብቅ ብላ «እህቷ ዘንድ ሄዳለች፣ ሺሺንዳ» አለችኝ። መቼ ትመለሳለች ብላት ትከሻዋን ሰበቀች፤ ነገ ግን ሺሺንዳ ገበያ ነው፣ እህቷ ጋ ቆጮ ስትሸጥ አትጠፋም አለች። እናንተስ ለምን አትመጡም አልኳት፣ እንዲያው በልመና። «ጣባ የአበበች ነው» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ነገሩ እንዲሁ ነው እንደማለት።

ሰኞ። ታረቀኝ ከመሄዱ በፊት ሚኒባሱ ውስጥ አስገባኝ። «እማማ፣ ሌላ ሰው እንላክ» አለ። «የመለስኩት እኔ፣ የምለምነውም እኔ» አልኩት። መንገዱ በውሽውሽ የሻይ እርሻ በኩል ያልፋል፤ ኮረብታው ሁሉ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ሌላ ቀን ቢሆን አይቼ አልጠግብም ነበር። ያን ቀን የማስበው ምን ብዬ እንደምጀምር ብቻ ነው። ብትቆጣኝስ? የባሰው ደግሞ ባትቆጣኝና «ምንም አይደለም እትዬ» ብላ ብትሸኘኝስ?

ሺሺንዳ ስወርድ ጭቃው ጠበቀኝ። ከእኛ ጭቃ የተለየ ነው፤ ቀይና ሙልጭልጭ። ሦስት እርምጃ ሄጄ በቂጤ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ሰው አየኝ፤ አንድ ሰው አልሳቀም። ጎደሬ የሚሸጡ ሁለት ሴቶች በብብቴ ገብተው አነሱኝ፤ አንዷ ከቤቷ ውሃ አምጥታ ቀሚሴን ጫፍ ጫፉን አጠበችልኝ፤ ሌላዋ ጫማዬን አስወልቃ የራሷን ቦት አጠለቀችልኝና በባዶ እግሯ ገበያዋ ላይ ተቀመጠች። አማርኛ አንችልም ብለው በእጃቸው ነበር የሚያወሩኝ። «አበበች፣ ከቦንጋ» ስላቸው ተያይተው፣ እጄን ይዘው ወደ ታች ወሰዱኝ።

አበበች የቆጮ ሊጥ በኮባ ስትጠቀልል አገኘኋት። ስታየኝ ከእጇ ወደቀ። «ልጅ ደህና?» አለች ደንግጣ። «እትዬ፣ ልጅ ደህና?»

«ደህና ናት፤ መቅደስም ደህና ናት። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ጣባሽን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ሳላውቅ መለስኩት። አይ፣ ውሸቴን ነው፤ ቀናሁብሽ አበበች። ልጄን ወሰድሽብኝ ብዬ ቀናሁ። ጣባሽን መልሺልኝ።»

ሁሉም ቃል ይግባት አይግባት አላውቅም፤ እንባዬ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም። በተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀመጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እኔ አልተቆጣሁም» አለች። «እናት መጣች፤ እኔ ቦታ ልልቀቅ አልኩ። ልክ ነው። ግን ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ልጅ ስታለቅስ በአጥር ይሰማል። ስለዚህ ወደዚህ መጣሁ።»

ኮባውን ታጣጥፍ ጀመር። «የእኔም ልጅ ሩቅ ናት። ቤይሩት። አምና ታመመች፣ ብዙ ታመመች። አንድ ሴት፣ ዘመድ ያልሆነች፣ የእሷ አገር ሰው ያልሆነች፣ ሾርባ አምጥታ አበላቻት። አሁን ደህና ናት። ያችን ሴት እኔ አላውቃትም። ስሟን አላውቅም። ምን ልስጣት? ጎረቤቴ መቅደስ አለች፤ ለመቅደስ ሰጠሁ።»

 ገበያው መሀል አቀፍኳት። ቀሚሴ ጭቃ ነው፤ የእሷም ጭቃ ሆነ። ቦቱን ለባለቤቷ መልሰን በዚያው ሚኒባስ አብረን ወደ ቦንጋ ተመለስን። ጭኖቻችን ላይ ቆጮ ተጭኖ ነበር፤ ስለ እርጥብ እንጨት አነዳደድ እስክንደርስ አስተማረችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አበበች ጣባዋን ይዛ በበሩ ገባች። መደርደሪያው ላይ ራሷ አስቀመጠችው። እስከ ምሳ ድረስ ሦስቱም ሴቶች ተራ በተራ መጡ፤ ስለሆነው ነገር አንዲት ቃል የተናገረ የለም። እንዲያውም ከሰዓት በኋላ መከሩና ለእኔም ተራ ሰጡኝ፤ አምስተኛዋ ሆንኩ። በገዛ ልጄ ቤት ተረኛ! በተራዬ ቀን የደብረ ብርሃንን ገብስ አገንፍቼ፣ በደንብ በነደደ እሳት ማለቴ ነው፣ ጣባው ላይ ገለበጥኩ። ማሬንም ለአበበች አስቀመስኳት። አጣጥማ አጣጥማ «ጥሩ ነው» አለች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ መሳቅ ጀመረች፤ ሁላችንም ሳቅን። ቆጮውንም ለመድኩት። በአይብ ሲሆን ነው መብላት፤ ረቡዕ ያስተዋወቁኝ በመጥፎ ቀን ነበር።

ያሰብኩት ሐሙስ ሄደና በሚቀጥለው ሐሙስ ሆነ የተነሳሁት። ማኅበርተኞቼ የጽዋ ተራዬን ስላሸጋገራችሁልኝ አሁን ምክንያቱን አወቃችሁ። ለብቻዬ ነበር የተመለስኩት። መናኸሪያ ድረስ አምስታችንም ሄድን፤ መቅደስ ልጇን በጃንጥላ ሸፍና። አበበች በጨርቅ የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አደረገች። የመንገድ ስንቅ ነው አለች። ፈትቼ ሳይ ቆጮውና አይቡ ያለው ያ ጥቁር ጣባ ውስጥ ነው።

«አበበች፣ ይሄ የመቅደስ አይደል?»

«ለመቅደስ ሌላ አስቀምጫለሁ» አለች። «ይሄ የእትዬ ነው። ደብረ ብርሃን ይቀመጥ።»

አውቶቡሱ ጎጀብ እስኪወርድ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሰው ሞቶብኝ መስሏት እግዚአብሔር ያጽናሽ አለችኝ። አይ የእኔ እህት፣ ደስ ብሎኝ ነው አልኳትና ከቆጮው አካፈልኳት።

ስለዚህ ማኅበርተኞቼ፣ የጽዋ ለት ቤቴ ስትመጡ ከመደርደሪያዬ መሀል የምታዩት ጥቁር ጣባ እሱ ነው። ማጠቡን አጥቤዋለሁ። የልጅ ልጄ ቦንጋ ክርስትና ተነስታለች፤ የክርስትና እናቷም ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። አበበች እሑድ እሑድ በመቅደስ ስልክ ትደውልልኛለች።

«እትዬ፣ ጣባ ደህና?» ትለኛለች።

«ደህና ነው።»

«አይመልሱም?»

«አልመልስም» እላታለሁ። ከዚያ ስልኩን ለመቅደስ ታቀብላታለች።